ጎርፉን የላክሁት እኔ ነኝ

ከሮብ ገበያ በላይ፣ ወደ ጮቄ ሽቅብ ሲወጣ፣ የእኔ ስም ሲጠራ ውሻ የሚፈታበት መንደር አለ። አላጋነንሁም፤ ማጋነን ብፈልግ ኖሮ ጅብ ይፈታበታል እል ነበር። እናቶች ሕፃን ሲያስቸግራቸው «ዝም በል፣ መላጣው ይመጣል» ይሉበታል። መላጣው እኔ ነኝ። በዚያ መንደር ከሽማግሌ እስከ ሕፃን የሚስማማበት አንድ ነገር ቢኖር የአጎቴን ቤት የወሰደውን ጎርፍ የላክሁት እኔ መሆኔ ነው። እኔም በዚያ ሁሉ ሰው ፊት በገዛ አፌ «አዎ፣ እኔ ነኝ» ብያለሁ። እንዴት እዚያ እንደደረስሁ ላጫውታችሁ። የሰዎቹን ስም ለውጫለሁ። ወንዟንም «ጥቁር ውሃ» ብያታለሁ፤ በዚህ ስም የሚጠራ ወንዝ ከራስ ፀጉሬ ስለሚበዛ ፈልጋችሁ አታገኙትም።

ያን ጊዜም እንደዛሬው ደብረ ማርቆስ ላይ ስለ ውሃ አስተምር ነበር። ሥራዬ፣ ባጭሩ፣ ወንዝን በኮምፒውተር ውስጥ ማስሮጥ ነው። ንጹሕ ውሃን ማንም ያስሮጠዋል፤ እኔ የማስሮጠው የክረምቱን ድፍርስ፣ አፈርና አሸዋ፣ ባስ ሲልም ድንጋይ የተሸከመውን ነው። ውሃ ብቻውን ሲወርድ መነኩሴ ነው። አሸዋ ሲጨመርበት ሰርገኛ ይሆናል። ድንጋይ ሲጨመርበት ደግሞ አረቄ የቀመሰ ሰርገኛ ነው፤ የት እንደሚገባ፣ ማንን እንደሚመታ አይታወቅም። እየዞረ አዙሪት ይሠራል። ትልቁ አዙሪት ጉልበቱን ለትንንሾቹ ያወርሳል፣ እነሱም ከነሱ ለባሱ ትንንሾች፤ ልክ እንደ ጎጃም ርስት፣ የመጨረሻው ወራሽ እግሩን የሚያሳርፍበት እስኪያጣ ድረስ። እኔ ወንዙን በጥቃቅን ሣጥኖች እከፍልና እያንዳንዱን ሣጥን «ከጎረቤትህ ምን ያህል ውሃ መጣብህ? ምን ያህል አሸዋ? ለማንስ አሳለፍኸው?» እያልሁ በኮምፒውተር አስጠይቃለሁ። ሣጥኖቹ ሐሜተኞች ናቸው፤ ጥያቄውም አያልቅም። የላፕቶፔ ማራገቢያ ሲያጓራ የሰማች ጎረቤቴ «ወፍጮ ተከልህ እንዴ?» ብላኛለች።

ሌላም ልታውቁት የሚገባ ነገር አለ። በዘመዶቼ ዘንድ ዝናዬ የቀልደኛና የአጋናኝ ነበር። አንድ ጊዜ ደብረ ማርቆስ ገበያ ያየሁትን ዱባ ስተርክላቸው በጥማድ በሬ አስጎትቼዋለሁ። እንዲህ ያለ ሰው አንድ ቀን እውነት ይዞ ሲመጣ ማን ይስማው?

በጋውን ለለቅሶ ወደ እናቴ አገር ሄጄ ሳለ፣ ለተማሪዎቼ ምሳሌ ትሁን ብዬ ጥቁር ውሃን ለክቻት ነበር። ወንዟ ከጮቄ ወርዳ መንደሩን ለሁለት ትከፍለዋለች። በወዲያ በኩል የእናቴ ወንድም አያ ይግዛው ይኖራሉ፤ በወዲህ፣ በሮብ ገበያ በኩል፣ አያ ስማቸው የሚባሉ የድንች ገበሬ። ሁለቱ በድንበር ተጣልተው ጠመንጃ እስከመማዘዝ ከደረሱ በኋላ በሽማግሌ ነው የታረቁት። እርቁ እንደ ክረምት ጭቃ ነበር፤ ከላይ የደረቀ ይመስላል፣ ሲረግጡት ያሰምጣል። ያን በጋ አያ ስማቸው ድንቻቸውን ከውሃ ሊከላከሉ በወንዙ ኩርባ ላይ ረጅም የድንጋይ ካብ ገትረው አገኘሁ። ካቡንም ለካሁት፤ ከስሌቴም አስገባሁት።

ነሐሴ ላይ ኮምፒውተሩ ጎርፉን አስኪዶ ጨረሰ። ያሳየኝን ሳይ ምሳዬን ትቼ ተነሣሁ። ጎርፉ ካቡን ሲመታ ወደ አጎቴ ማዶ ይዞራል። ኩርባው ላይ ሩጫው ይሰበርና የተሸከመውን አሸዋና ድንጋይ ያራግፋል። የወንዙ አልጋ ይሞላል። ውሃው በገዛ ሸክሙ ላይ ይወጣና አልጋውን ትቶ ቀጥ ብሎ ይሄዳል፤ ቀጥ ብሎ በሚሄድበት ላይ ያለው የአጎቴ ቤት ነው። ካቡን አውጥቼ እንደገና አስኬድሁት፤ ወንዟ እንደ ጨዋ ልጅ በአልጋዋ ወረደች። ካቡን መለስሁ፣ ቤቱ ሄደ። አወጣሁ፣ ቤቱ ቆመ።

በዚያ ቤት ውስጥ ደግሞ አራስ ነበረች። የአጎቴ ልጅ የሙሉቀን ሚስት፣ የሺ፣ ሴት ልጅ ተገላግላ፣ ሕፃኗ ገና ክርስትና አልተነሳችም።

በማግስቱ ጠዋት ላፕቶፔን አዝዬ በሚኒባስ ሮብ ገበያ ደረስሁ። ጮቄ ከል እንደለበሰ ሰው ጥቁር ደመና ተከናንቧል። በጭቃው እየተንሸራተትሁ፣ መጀመሪያ የሄድሁት አያ ስማቸው ዘንድ ነው። ድንቻቸው መሐል ቆመው አገኘኋቸው።

«አያ ስማቸው፣ ይህን ካብ ቢያነሱት ምን ይመስልዎታል?»

ከእግሬ እስከ መላጣዬ ለኩኝ። «ይግዛው ነው የላከህ?»

«ማንም አልላከኝም። ውሃው ወደ ማዶ ይዞርና ሰው ይጎዳል ብዬ ነው።»

«በአባቴ መሬት ላይ ድንጋይ ለመደርደር ከደብረ ማርቆስ ፈቃድ ላወጣ ኖሯል!»

«አይ፣ እኔ እኮ…»

«ስማ! አጎትህ ደጃፌ ድረስ ጠመንጃ ይዞ የመጣ ሰው ነው። አሁን ደግሞ የእህቱን ልጅ በኮምፒውተር ላከብኝ። ካቤን የነካ እጁን ይዞ አይመለስም። ሂድ፣ ይህንኑ ንገረው!»

ይህንኑ ብነግራቸው ውሃው ሳይደርስ ደም ይወርዳል። ቃላቸውን እዚያው ትቼ ወንዙን ተሻገርሁ።

አጎቴ ደጃፋቸው ላይ ተቀምጠው ጠፍር ያለፋሉ።

«እሰይ፣ ባለ ዱባው መጣ!» አሉ። «ዛሬስ ምን አየህ? በግ ያከለ ሽንኩርት?»

«አያ፣ ዛሬ ቀልድ የለም።»

«ካልቀለድህማ ምን ትሠራለህ? ዶክተር ነኝ ትላለህ፤ ወገቤን እይልኝ ስልህ አላውቅበትም ትላለህ።»

ነገርኋቸው። ከባድ ዝናብ ከጣለ ወንዙ በዚህ በር ገብቶ በጓሮ እንደሚወጣ፣ የሺንና ሕፃኗን ይዘው ወደ ደብሩ ጉብታ መውጣት እንዳለባቸው። ጠፍሩን ማልፋት አቆሙ።

«አራስ ከቤት አውጣ ነው የምትለኝ?»

«ለጥቂት ቀን ነው።»

«ክርስትና ያልተነሳች ሕፃን ይዛ? ለብርድ? ለዓይን?»

የአጎቴ ሚስት እትዬ አንጓች የገንፎ ማማሰያ እንደያዙ ከውስጥ ብቅ አሉ። «ማነው አራሴን የሚያስወጣ? ይሄ ነው? ይሄማ የራሱን ፀጉር ከራሱ ላይ አስወጥቶ የጨረሰ ነው!»

«እስቲ አንድ ነገር መልስልኝ» አሉ አጎቴ። ድምፃቸው ዝቅ አለ፤ የሚያስፈራው እሱ ነው። «አያቴ እዚህ ኖረ። አባቴ እዚህ ኖረ። ውሃዋ አንድ ቀን ደጃፋችንን አላየችም። ለምን ዘንድሮ?»

ከደብረ ማርቆስ ጀምሮ ስሸሸው የነበረው ጥያቄ ይህ ነው። መልሱ ከአጎቴ ራስ በላይ፣ ማዶ ኩርባው ላይ ተገትሮ ይታየኛል። «የስማቸው ካብ ነው» ብል ግድግዳው ላይ የተሰቀለው ጠመንጃ ይወርዳል። ባልል አራሷ እዚያው ትተኛለች።

«ዘንድሮ… ዝናቡ በዛ» አልሁ።

«ዝናብ! በዝናብ አገር የተወለድሁትን ሰውዬ በዝናብ ያስፈራራኛል!»

ቸገረኝና ላፕቶፑን ከፈትሁ። ሙሉቀንም መጣ፤ ጎረቤቱም አጥሩን ዘሎ ተሰበሰበ። ካቡ ያለበትን የስክሪን ጥግ በመዳፌ ሸፍኜ ጎርፉን አስኬድሁላቸው። ቡናማው ውሃ ከኩርባው ወጣ፤ ሜዳውን አቋርጦ መጣ፤ ቤቱን በላው።

ሰዉ ሁሉ ወደ ስክሪኑ ተጠጋ።

«ይሄ ከደጄ በታች ያለው ኮሶ ዛፍ ነው?» አሉ አጎቴ።

«አዎ።»

«ይሄኛው የኔ ቤት ነው?»

«አዎ።»

«ቤቴን ማን ፈቅዶልህ ነው እዚህ ውስጥ የከተትኸው?»

እትዬ አንጓች ማማሰያውን ግንባሬ ላይ ቀሰሩ። «አራስ ባለችበት ቤት ሟርት! በል አሁኑኑ አጥፋው! እንደሠራኸው አፍርሰው!»

ሕዝቡም ተቀበለ፤ «አጥፋው! አፍርሰው!»

አትሳቁባቸው። እነዚህ ሰዎች የደረሰ ገብስ ላይ የመጣ በረዶ የሚመልስ ሰው አለ ሲባል እየሰሙ ያደጉ ናቸው። በረዶ የሚመልስ ካለ ጎርፍ የሚጠራ እንዴት አይኖርም? ስሌታቸው ከእኔ ስሌት አንድ ሣጥን አያንስም።

በዚህ መሐል ጮቄ አጉረመረመ። ነጎድጓዱ እንደ ባዶ በርሜል ከላይ እየተንከባለለ መጣና እግራችን ሥር ጠፋ። ያን ጊዜ አንድ ነገር ገባኝ። እውነቴን አላመኑኝም፤ ክፋቴን ግን ለማመን አንድ ቃል ብቻ ነው የቀራቸው።

ላፕቶፑን ዘጋሁ።

«አላጠፋውም» አልሁ።

«ምን አልህ?»

«አላጠፋውም! እኔ ነኝ የላክሁት! የእናቴን ድርሻ መሬት በልተህ የምትቀር መስሎህ ነበር?»

በሕይወቴ አጎቴን አንተ ብያቸው አላውቅም። ቃሉ ሲወጣ ምላሴን እንደ ፍም አቃጠለኝ። መሬት ያልሁትም እናቴ በፈቃዷ ለወንድሟ የተወችለት፣ ከአፈሩ ድንጋዩ የሚበዛ፣ ዝንጀሮ እንኳ በነፃ ቢሰጡት የማይወስደው ቁራጭ ነው። ነገር ግን በአገራችን ለመሬት ቂም ማስረጃ የሚጠይቅ የለም። የሁሉም ፊት «እንደዚህ ነዋ!» አለ።

«ሰዎቹን አይደለም፣ ቤቱን ነው» ብዬ ጮኽሁ። «በዚህ በር ይገባል፣ በጓሮ ይወጣል። ውስጡ የተገኘ ግን የራሱ ጉዳይ ነው!»

ማማሰያው ከእትዬ አንጓች እጅ ወደቀ። ከዚያ በኋላ የሆነውን ፍጥነት የትኛውም ኮምፒውተር አያሰላውም።

«አውጧት! ድግምት በተደረገበት ቤት አራሴን አላሳድርም! አውጧት!»

አራሷ ከቤት አትወጣም ያለው ፍርሃት፣ የባሰ ፍርሃት ሲመጣበት ራሱ አወጣት። የሺ ከነአልጋዋ በጎረምሶች ትከሻ ላይ ሆነች፤ ጋቢ በጋቢ ላይ ተደርቦላት አፍንጫዋ እንኳ አይታይም። ማጭድ የያዘች ሴት ከፊት፣ ቢላ የያዘች ሴት ከኋላ። ሕፃኗን እትዬ አንጓች ከኩታቸው ሥር ደረታቸው ላይ ለጥፈዋታል። በአጠገቤ ሲያልፉ «ዘርህ ይነቀል!» አሉኝ። እኔ በልቤ «እሺ፣ ብቻ ፈጠን ይበሉ» አልሁ።

የአጎቴ ዱላ መላጣዬ ላይ ሲያርፍ የጮቄ ነጎድጓድ የተደገመ መስሎኝ ነበር። ላፕቶፑን ነጠቁኝ። ወንዙ ዳር ድረስ ሮጡና አሽከርክረው ወረወሩት። ስንት ዘመን ሙሉ ደቃቅ ነገር በድፍርስ ውሃ ውስጥ ወዴት እንደሚሄድ ሲያሰላ የኖረ መሣሪያ፣ እሱ ራሱ እየተንከባለለ ሄደ።

«ሞተ!» አሉ አጎቴ እጃቸውን እያራገፉ። «ድግምቱ ሞተ! መልሷት!»

አልጋው ዳገቱ ላይ ቆመ። ከዚያ ዞረ። የአራሷ ተሸካሚዎች ቁልቁል መመለስ ጀመሩ።

ዝናቡ በዚያች ቅጽበት መጣል ጀመረ። ያለኝ የመጨረሻ ነገር ሣቄ ነበር፤ ደሜን ከቅንድቤ እየጠረግሁ፣ ሰይጣን ራሱ የሚቀናበት ሣቅ ሣቅሁ።

«ውሃ ውስጥ ከተትኸው? እኔ እኮ እስካሁን ከሩቅ ነበር የምጠራው! አንተ ደጁ ድረስ ወሰድህልኝ!»

አልጋው እንደገና ወደ ዳገቱ ዞረ፤ አሁንስ በሩጫ ነው። ከኋላው ላሙ፣ ፍየሉ፣ ዶሮው፣ የታችኛው ሰፈር ጎረቤት ሁሉ ተከተለ።

«ይሄን ውሻ ኮሶው ላይ እንሰረው!» አለ ሙሉቀን አንገቴን ጨምድዶ። «የጠራው ጎርፍ ቀድሞ እሱን ይብላው!»

ኮሶውን አየሁት። በስሌቴ መሠረት ውሃው ግንዱ ላይ የት ድረስ እንደሚወጣ አውቃለሁ፤ አንገቴ ድረስ ነው። የዚያን ቀን ቀልዴ ያለቀብኝ እዚያች ላይ ነው። አጎቴ ኮሶውንም እኔንም ቀና ብለው አዩ።

«የእህቴ አጥንት ይወጋኛል» አሉ። ጠዋት ሲያለፉት በነበረው ጠፍር እጄን አስረው እንደ ሌባ በሬ ሽቅብ ጎተቱኝ። እየጎተቱም ይረግሙኛል፤ እየረገሙም ጭቃው ሲጥለኝ ያነሱኛል።

አሥር ሰዓት ግድም ላይ፣ ሁላችንም ጉብታው ላይ ሳለን፣ መጣ። ከማየታችን በፊት ሰማነው። ድንጋይ ከድንጋይ ሲማታ ምድር ጥርሷን የምታፋጭ ይመስል ነበር። ሽታው ቀጥሎ ደረሰ፤ የተቀደደ አፈር ሽታ። የመጣው ውሃ ነው አልላችሁም፤ ተነሥቶ የሚራመድ መሬት ነው። ካቡን መታ፤ ዞረ፤ ኩርባው ላይ ሩጫውን ገታ።

እኔ ሞኙ ሳላስበው አፌ ይናገራል። «አሁን ይጥላል… አሁን ይሞላል… አሁን ይወጣል።»

አጠገቤ የቆሙት ሴቶች እያማተቡ ሸሹኝ። ጎርፉም እንዳልሁት ጣለ፤ ሞላ፤ ወጣ። በአጎቴ በር ገባ፤ በጓሮ ወጣ። ቆርቆሮው ከነማገሩ ተነሥቶ፣ ትንሽ እንደመንሳፈፍ ብሎ ተገለበጠ። የየሺ አልጋ የነበረበት ጥግ ከሁሉ ቀድሞ ሄደ። እትዬ አንጓች ሕፃኗን እስክትጮህ ድረስ ጨመቋት፤ በዚያ ሁሉ ድምፅ መሐል እኔ የሰማሁት ያችን ጩኸት ነው።

ስሌቴ ያልነገረኝ አንድ ነገር ነበር። ካቡን የማይነቀል አድርጌ ነበር ያስገባሁት። ካቡ ግን ቤቱ ከሄደ በኋላ ተነቀለ፤ የጎርፉም ግማሽ ወደ አያ ስማቸው ድንች ዞሮ ማሳውን እንደ ሰፌድ ጠረገው። ብዙም ሳይቆይ አያ ስማቸው እስከ ወገባቸው ጭቃ ሆነው፣ በላይኛው ድልድይ ዞረው ጉብታው ላይ ደረሱ። ሲያዩኝ ዱላቸውን አነሡ።

«ይሄ ነው! ጠዋት መጥቶ ካብህን አንሣ አለኝ! እምቢ ብለው ላከብኝ!»

የካቡ ነገር ተነሣ! ብዬ ደነገጥሁ። አጎቴ ወደ ስማቸው ዞሩ። እጃቸው ከቤት ሲወጡ ያነገቱትን ጠመንጃ ይዟል። ሁለቱ ሰዎች ተያዩ፤ እኔ ዓይኔን ጨፈንሁ።

«አንተም ላይ ላከብህ?» አሉ አጎቴ።

«ድንቼን ጨረሰው እኮ!»

«እኔንም ቤቴን ጨረሰኝ!»

ዓይኔን ስገልጥ ጎን ለጎን ቆመዋል። ስንት ሽማግሌ ያላቆማቸው ሰዎች ትከሻ ለትከሻ ገጥመው በአንድ ዓይን ወደ እኔ ያያሉ።

በማግስቱ ሽማግሌ ተቀመጠ። ጥቁር ውሃን እንዳልሻገር፣ በሰርግም በለቅሶም እንዳልደርስ ተፈረደብኝ። ከሁለቱ ማዶ የመጣ ሰው ያለ አንዳች ክርክር ሲስማማ ያየሁት ያን ቀን ብቻ ነው። ለአጎቴም ጉብታው አጠገብ አዲስ ቤት ተሠራላቸው። መሠረቱ ጎርፉ ከበተነው ካብ ነው አሉኝ፤ ድንጋዩን በሸክም ያመጡትም አያ ስማቸው ናቸው።

እንግዲህ እናንተ አንባቢዎቼ «ለምን እውነቱን አትነግራቸውም?» ትሉኝ ይሆናል። አስቤበታለሁ። እትዬ አንጓች ባረፉ ጊዜ ከወንዙ ወዲህ ቆሜ ነው ያለቀስሁት። ለቅሶዬን የሰማ አንድ ሰው ድንጋይ ወረወረብኝ፤ ዒላማውም ክፉ አልነበረም። ያን ቀን ልናገር አፌን ከፍቼ ነበር። ግን እውነቱን ስናገር አጎቴ ሩቅ ያለ ጠላታቸውን ያጡና ቅርብ ያለውን ያገኛሉ። ጥላቻም ጎርፍ ነው፤ አልጋ ካጣ የሰው ቤት ይገባል። አልጋ ሆኜላቸዋለሁ። በመላጣዬ ላይ ይውረድ።

ከዚያ ወዲህ ተማሪዎቼን የማስተምረው በሌላ መንገድ ነው። «ስሌታችሁ ልክ ሲመጣ ሥራችሁ ያለቀ እንዳይመስላችሁ፤ ገና በር ማንኳኳት ይቀራችኋል» እላቸዋለሁ። ቀልድ የምለቅ መስሏቸው ይጠብቃሉ። አልለቅም። ለእውነቴ አንድ ሰው አጥቼ ለውሸቴ መንደር ሙሉ እንደወጣልኝ ግን እስከዛሬ አይዋጥልኝም። ያች ሕፃን አሁን ትምህርት ቤት ገብታለች። እኔን ስትስል ቀንድ አድርጋ ነው የምትስለኝ አሉ።

ሰኔ ሲገባ በየዓመቱ ስልኬ ይጠራል። እንደምን ከረምህ የለም።

«አንተ መላጣ!»

«አቤት፣ አያ።»

«ዘንድሮስ በየት በኩል ነው የምትልክብን?»

አዲሱን ላፕቶፔን እከፍታለሁ። አስቀድሜ አስኪጄ ነው የምጠብቃቸው፤ የሚደውሉበትን ሰሞን አውቀዋለሁ።

«ከኮሶው በታች፣ በግጦሹ በኩል ነው። ወደ ላይ አላወጣውም።»

«የእጅህን ይስጥህ!» ይሉኛል።

ስልክ መዝጋት አይችሉበትም፤ እኔም አልዘጋባቸውም። ጆሮዬ ላይ እንደያዝሁት ከወዲያ ድምፃቸውን እሰማለሁ፦

«ሙሉቀን! ከኮሶው በታች ያሉትን ከብቶች አውጣ! ሮጥ በልና ለስማቸውም ንገረው!»